የበርሜሉ ጆሮ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው አልነበረም፤ በርሜል ነበር። ከወገቡ ላይ የተቆረጠ የናፍጣ በርሜል፣ ግራና ቀኙ ተበስቶ የወፍራም ሽቦ ጆሮ የተበጀለት። በሩ ሥር፣ አዲስ ገቢ ሳያየው ሊያልፍ በማይችልበት ቦታ ተቀምጧል። ምን እንደያዘ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሽታው ይናገራል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከበርሜሉ ጀርባ ሰዎች መኖራቸውን አየሁ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ለመጣው ሰው ቦታ ከማን ላይ እንደሚቆረስ የሚያሰሉ ሰዎች።

ቤቱ ድሮ የአንድ ባለርስት የእህል መጋዘን ነበር ይባላል። አብዮቱ ሲወርሰው ፊቱን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ጓሮውን እስር ቤት አደረገው። ያኔ መካኒሳ አዲስ አበባ ይባል እንጂ ከቀበሌው አጥር ኋላ ላሞች ይግጡ ነበር። ክረምት ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚነግርህን አትሰማም፤ ሲያባራ ደግሞ ላሞቹ እምቧ ሲሉ ትሰማለህ። የሚሆኑትን ሳይጨነቁበት የሆኑ ፍጥረቶች ናቸው ብዬ እንደቀናሁባቸው ትዝ ይለኛል።

የተያዝኩት እሁድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስመርጥ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ሲመረጥልኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ ስለነበር በየሰው ቤት ተከፋፍለን እንሰበሰብ ነበር። የዚያን ቀን ተረኛ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወረድ ያለ የአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። እኛ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንዘምር እሱ ጎረቤት እንዳይሰማ ማሽኑን ያለ ጨርቅ ይረግጣል። የእነዚያን ዓመታት መዝሙሮች እስከ ዛሬ ያለ ማሽኑ ድምፅ ስሰማቸው አንድ መሣሪያ የጎደለባቸው ይመስለኛል።

ለዩኒቨርሲቲ አልፌ ነበር፤ ያውም ለሕክምና በሚያበቃ ውጤት። እናቴ ሐኪም እንድሆን ትፈልጋለች። ከኅብረታችን አንዲት ጸሎተኛ እኅት ደግሞ ወንጌል ሰባኪ ሆኜ በበቅሎ ወደ ደቡብ ስወርድ በራእይ አይታኛለች። እኔ የምፈልገውን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም አላውቀውም። እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው፦ ወጣት ማትሪክ ሲያልፍ ኅብረቱ ይጾምለታል፣ ከዚያ መሃል ላይ አንበርክከውት እጃቸውን ይጭኑበትና የእግዚአብሔርን ፈቃድ ይጠይቁለታል። ተንበርክኬ፣ ያ ሁሉ እጅ ራሴ ላይ ከብዶኝ፣ መልሱን ስጠብቅ በሩ ተመታ። ከመልሱ በፊት አብዮት ጠባቂዎች ደረሱ።

አንደኛው ገብቶ አየንና፣ "ምን እያደረጋችሁት ነው?" አለ።

ልብስ ሰፊው፣ እግሩ ገና ማሽኑ ላይ እንደሆነ፣ "ልክ እየወሰድንለት" አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔም የሳቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሴቶቹን በማግሥቱ ለቀቋቸው። እኛን ወንዶቹን ግን ወደየቀበሌያችን በተኑን። እኔ የተጣልኩት እዚያው ሰፈሬ፣ ከእናቴ ቤት ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ነው።

የክፍሉ አለቃ ካቦ ይባላል። የእኛ ካቦ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ የነበረ፣ "ስኳሩን ዝናብ አቀለጠው" ብሎ ሪፖርት አድርጎ የታሰረ ሰው ነው። በበጋ።

"ጥፋትህ?" አለኝ።

"ጸሎት።"

"አቦን! ደግሞ ሌላ ጴንጤ። ምን ትችላለህ?"

"እንዴት ማለት?"

"እዚህ ቤት ሥራ ፈት የለም። ሶሻሊዝም ነው። ውሃ ቀጂ አለ፣ ቅማል ፈታሽ አለ፣ ሰው እንዳይጣላ ቦታ የሚለካ አለ። አንተ ውጭ ምን ነበርክ?"

"ገና ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አልፌያለሁ። ምን እንደምሆን እግዚአብሔር እስኪነግረኝ እየጠበቅሁ ነው።"

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ካቦው ቀስ ብሎ መጥረጊያ አቀበለኝ።

"ጥሩ። እስኪነግርህ ወለል ጥረግ።"

ጠረግሁ። ወለሉ ጠባብ ነው፣ ቀኑ ረጅም። መቀመጥ አልቻልኩም። ከግድግዳ ግድግዳ እየጠረግሁ እመለስና ደግሞ እጀምራለሁ። ሌሎቹ ስለ መፈታት ሲጸልዩ እኔ ስለ ሥራ እጸልይ ነበር፦ ሐኪም ወይስ ሰባኪ? ሰባኪ ወይስ ሐኪም? ሰማዩ ዝም አለኝ። ለእግዚአብሔር ሁለት አማራጭ ብቻ ሰጥቶ አንዱ ላይ አክብብልኝ ማለት ከልመና ይልቅ ፈተና ማቅረብ እንደሚመስል የገባኝ በኋላ ነው። ያኔ ግን መልሱ የዘገየው እኔ በደንብ ስላልጸለይኩ መስሎኝ የባሰ እጠርግ ነበር።

"አንተ ልጅ፣" አለኝ ካቦው አንድ ቀን፣ "አቧራው ካለቀ ቆየ። አሁን የምትጠርገው እኛን ነው።"

ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ እንሰለፋለን። ጠባቂው መፈክር ያሰማል፣ እኛ ግራ እጃችንን ጨብጠን አንስተን እንመልሳለን። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም፣ ይውደም። ይህን አብዛኞቻችን ባንወድደውም እንችለዋለን፤ ኢምፔሪያሊዝም ዘመዳችን አይደለም። የሚከተለው ነው ችግሩ፤ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ!" አማኞች እዚህ ላይ እጃችን አይነሳም። አብዮቱን ጠልተን አይደለም፤ ከሁሉም በላይ የሚለው ቦታ ግን ተይዟል። በመጀመሪያው ጠዋት እጄን ሳላነሳ ቀረሁ። ጠባቂው በዱላው ጫፍ ክርኔን መታኝ። በጣም አልነበረም። ማንኪያ ለመያዝ የተቸገርኩት ለጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ያን ጠዋት ክርኔን ይዤ ቆሜ ሳለ ሁለት ሰዎች በርሜሉን በጆሮና በጆሮው ይዘው በሰልፉ ፊት ሲያልፉ አየሁ። አንደኛው ክፍላችን ውስጥ የነበረው ሌላኛው ጴንጤ ነው፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ ሌሎቹ መምህር። በርሜል የሚሸከመው ማንም አስገድዶት አልነበረም። አብሮት የሚሸከመው በየተራው ይለዋወጣል፤ እሱ ግን ከገባ ጀምሮ ያንን አንድ ጆሮ ለማንም አልሰጠም። ክፍሉ በትሕትናው ይገረማል። ካቦው እንኳ፣ ለጴንጤ ጥሩ ቃል የማይወጣው ሰው፣ "ሰውየው የቆሎ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ይጸድቅ ነበር" ይላል።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ መምህር እንዲሆኑ እግዚአብሔር እንዴት ነገርዎት?"

"አልነገረኝም።"

"ታዲያ?"

"የመምህራን ኮሌጁ ምግብና መኝታ ይሰጥ ነበር። አባቴ ሞቶ ነበር፣ ራበኝ፣ ገባሁ።"

ደነገጥኩ። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ ልጆቹ መጡ።" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። "ርዕሰ መምህር ላድርግህ፣ ግን የፓርቲ አባል ሁን ሲሉኝ ነው መምህር መሆኔ የገባኝ። ሥራ ሲወስዱብህ ታውቀዋለህ።"

"በርሜሉንስ ጌታ ነግሮዎት ነው?"

ፈገግ አለ። "ትሕትና መስሎሃል?"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ሁሉም ይበል። በርሜሉ ሞልቶ ነው የሚወጣው፤ በአንድ እጅ ከያዝከው ይፈስሳል። ሁለት እጅ ይጠይቃል።" ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳየኝ። "የሚወጣው ደግሞ በመፈክር ሰዓት ነው። ጠባቂዎቹ ሽታው እስኪያልፍላቸው ነው የሚቸኩሉት፤ ማንም አቁሞ እጅህን አንሳ አላለኝም። ሌላ ምሥጢር የለውም።"

ብዙ አማኞች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። እነሱ ቅዱስ ይፈልጋሉ፤ እኔ የወደድኩት ብልጡን ነው። ሳይዋሽ፣ ሳይዘልፍ፣ ክርኑን ሳያስመታ፣ መንግሥትን በገዛ ሰገራው የረታ ሰው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላውን ጆሮ የሚይዘው ሰው ተፈታ። መምህሩ ካቦውን፣ "ልጁ ይያዘው" አለው።

"ዩኒቨርሲቲ ያለፈ ልጅ? ነውር ነው መምህር!"

"እሱ ይናገር።"

ካቦው ወደ እኔ ዞረ። "ምን ትላለህ? ጌታህ ነገረህ?"

"አልነገረኝም። እይዘዋለሁ።"

"እሰይ! ቢያንስ መጥረጊያው ያርፋል።"

ያዝኩት። ሽቦው መዳፍ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ጨርቅ ትጠመጥምበታለህ። እርምጃ ከጓደኛህ ጋር ካልገጠመ ሱሪህ ይከፍላል። ጉድጓዱ ከግቢው ጥግ ነው፤ ስንሄድ ከጀርባችን መፈክሩ ይሰማል፣ እጆች ሲነሱ የልብስ ድምፅ ይሰማል። እኛ አጎንብሰን እናልፋለን። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ማጋነን ይሆናል። ግን በዚያ ሰዓት ብቻ እቁነጠነጥ እንዳልነበር አስታውሳለሁ።

እናቴ በየቀኑ ምሳ ታመጣለች። ጠባቂው በሽቦ ወጡን ይወጋጋዋል፣ ከዚያ በአጥሩ በኩል ትንሽ እንድንነጋገር ይተወናል። መስከረም ሲቃረብ አንድ ቀን ከወትሮው ፈጥና መጣች። ነጠላዋ እርጥብ ነበር።

"የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ድረስ መጣ" አለችኝ። "ከዚህ ቀበሌ ሐኪም ወጥቶ አያውቅም፣ ልጅሽ ይቅርብኝ አልልም አለኝ። ምዝገባው ሊያልቅ ነው። ነገ ጠዋት ራሱ ሰልፉ ላይ ይመጣል። እጅህን ካነሳህ ነገውኑ ቤትህ ነህ።"

"ካላነሳሁስ?"

"ካላነሳህማ ዩኒቨርሲቲ የለም። ከዚህም መቼ እንደምትወጣ የሚያውቅ የለም።"

የምሳ ዕቃውን ክዳን መልሼ ገጠምኩ።

"ልጄ፣ እጅ ምን አለው? ለታክሲም ይነሳል እኮ!"

"እማዬ፣ ታክሲው የሚሄድበትን አውቃለሁ።"

በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። እናቴ ከነጠላዋ በቀር የለሰለሰ ነገር አልነበራትም።

"አንተስ? አንተ የምትሄድበትን ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር። ነገሩ ያ ነው። ሐኪምነትን ለእምነቴ ብሠዋ አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ልሠዋው የምችለውን ነገር ፈልጌው እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሰማዕት ቢያንስ የሚተወውን ያውቃል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስኩ። ሁሉም ምክር አለው። ውሃ ቀጂው "አንሳና ውጣ፣ እግዚአብሔር ልብ ያያል" አለኝ። ካቦው፣ "እኔ ለስኳር ሁለት እጄን አነሳለሁ፣ አንተ ለሕክምና አንዱን ለማንሳት ታቅማማለህ!" አለ። ወደ መምህሩ ሄድኩ።

"ምን ላድርግ ጋሼ?"

"የሚነግርህ ሰው አላጣህም።"

"እርስዎ ግን ምን ይላሉ?"

"ነገም በርሜሉ ይሞላል። እኔ አንዱን ጆሮ እይዛለሁ። ሌላውን ካልያዝከው ሌላ ሰው እጠራለሁ። እጅህን ብታነሳም አልቀየምህም፤ ስታመም መጥተህ ታክመኛለህ።"

ከዚህ በላይ አልተናገረም። የዚያን ጊዜ ተናድጄበት ነበር። አንዲት ጥቅስ እንኳ አልሰጠኝም።

ጠዋት ሊቀመንበሩ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ሌሊት የዘነበው ግቢውን ጭቃ አድርጎታል። ሰልፈኞቹ ተደርድረዋል። እኔ በርሜሉ ጆሮ ላይ ጨርቄን ጠምጥሜ ነበር። ይህን ያደረግሁት ወስኜ ነው አልልም፤ እጄ ለምዶ ነው። አነሳን፣ ወጣን። ሰልፉ ፊት ስንደርስ ሊቀመንበሩ በጃንጥላው መንገዳችንን ዘጋ።

"ቁሙ! አስቀምጡት።"

ተያየን፣ አስቀመጥነው። ከጫፉ ትንሽ ፈሰሰ። ሊቀመንበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና መሀረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

"ነግረውኛል" አለኝ በመሀረቡ ውስጥ። "ብልጠት ነው። አሁን ግን እጅህ ባዶ ነው። ጓድ፣ መፈክር አሰማ።"

ጠባቂው ጮኸ። ኢምፔሪያሊዝም ወደመ። ከዚያ ያኛው መጣ፤ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ!" ግራ ክንዶች ከሁለቱም ጎኔ ተነሱ፣ የካቦው ከሁሉም በላይ። ከአጥሩ ውጭ፣ ቀዳዳው ላይ፣ ነጭ ነጠላ አየሁ። ሊቀመንበሩ የሚያየው እጄን ብቻ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእርግጥ ሐኪም ይፈልግ ነበር። እኔም እጆቼን አየሁ። ባዶነታቸው ገረመኝ። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ሊያስይዛቸው የሚፈልግ፣ የእኔ የሚባል ነገር ግን ይዘው የማያውቁ እጆች ናቸው።

ድምፅ አልሰማሁም። ይህን በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ምስክርነት ስሰጥ ሰዎች እዚህ ላይ ድምፅ ይጠብቃሉ። ሰማዩ እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ነበር። ጎንበስ አልኩና ጆሮውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስይዘው ለመሸሸግ ነበር፤ አሁን መሸሸጊያ አልነበረም፣ ሁሉም አውቆታል።

መምህሩ የራሱን ጆሮ ያዘ። "ይዘሃል?" አለኝ።

"ይዣለሁ ጋሼ።"

"ሐኪም መሆን ስትችል!" አለ ሊቀመንበሩ። መሀረቡ ወርዶ ነበር፤ ድምፁ ውስጥ ከቁጣው ይልቅ ኀዘኑ በዝቶ ተሰማኝ። "ሐኪም መሆን እየቻልክ ይህን ትሸከማለህ?"

"ሞልቷል፣ ጓድ ሊቀመንበር። መደፋት አለበት።"

 ከዚያ ነፋስ ሽታውን ወደ እሱ መለሰውና፣ "አንሱት! ከፊቴ አንሱት!" አለ። አነሳነው። እርምጃችን ገጥሞ ነበር፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

የከፈልኩትን ከፍያለሁ፤ ጠባቂዎቹ በኋላ ያደረጉትን መዘርዘር ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም። እናቴ በማግሥቱ ምሳ ይዛ መጣች። ስለ ዩኒቨርሲቲ አላነሳችም። ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ "እጅህን በደንብ ታጥበሃል?" አለችኝ። ታጥቤያለሁ አልኳት። እንጀራውን አቀበለችኝ።

ስፈታ ምዝገባው ያለፈ ብቻ ሳይሆን ሌላ ዙርም ገብቶ ነበር። ሐኪም አልሆንኩም። ሰባኪም አልሆንኩም፤ በበቅሎ ወደ ደቡብ ወርጄ አላውቅም፣ በቅሎም እፈራለሁ። አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደሞዝ ነበረው። ከዚያማ ጽሑፍ መጣ። ይህን ሥራ ማንም በራእይ አላየልኝም፣ እጅም አልተጫነልኝም። ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያው እንደ ቆርቆሮ ዝናብ በሚጮህበት፣ ለወጣቶች ጥሪያችሁን እወቁ የሚባል ትምህርት ይሰጣል። አንዳንዶቹ መጥተው ይጠይቁኛል። ስለ በርሜሉ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የማየው ቅሬታ ያንን የድሮ ጴንጤ ልጅ ያስታውሰኛል። ሊረጋጉ ነበር የመጡት። እኔ ራሴ ተረጋግቼ አይደለም የምነግራቸው፤ ዛሬም ከኋላ ወንበር ነው የምቀመጠው፣ እየተቁነጠነጥኩ።

መምህሩ አርጅቶ ነው የሞተው። ቀብሩ ላይ ሰባኪው ስለ በርሜሉ ተናገረ። ወንድማችን በእስር ቤት ሳለ በትሕትና የሁሉን እዳሪ ይሸከም ነበር አለ፣ ሕዝቡም አለቀሰ። ተነስቼ፣ ትሕትና አልነበረም፣ ብልጠት ነበር፣ በኋላ ደግሞ ከብልጠት የሚበልጥ ነገር ሆነ፣ ስሙን ግን አላውቀውም ለማለት ፈልጌ ነበር። አፈር ሲመለስ አካፋ ተቀበልኩና ተራዬን አለበስኩት። በሁለት እጅ።

ያ ቀበሌ ዛሬ የለም። ላሞቹ ይግጡበት የነበረው ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ ከሥሩ የሕፃናት ልብስ ይሸጣል። አልፎ አልፎ ከሥራ ስመለስ እዚያው መንገድ ዳር ወደ ሀይሌ ጋርመንት የሚሄድ ታክሲ እጠብቃለሁ። ሰው ይገፋፋል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ የቀረበ ሁሉ እጁን ያነሳል። እናቴ ልክ ነበረች፤ እጅ ለታክሲም ይነሳል። የምሄድበትንም አሁን አውቀዋለሁ፣ ቢያንስ እስከ ቤቴ ድረስ። ዕቃ በቀኝ እጄ ከያዝኩ ግን ዕቃውን ወደ ግራ አዛውሬ ነው የማነሳው። አንዳንዴ እስካዛውር ታክሲው ያልፈኛል።